ለእሳት ቦታ ስቴንለስ አመራረጥና አበያየድ፦ የትኛው ቅይጥ የት ይሠራል?

አዳማ ውስጥ የዳቦ ምድጃ የሚጠግን፣ በርነር የሚገጥም ወይም የጅቡቲ መስመር መኪና ማርሜታ የሚበይድ ሁሉ የማያመልጠው ጥያቄ አለ። «ስቴንለስ ነው ብለህ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ምን ሆኖ ነው?»

ብዙ ጊዜ የሆነው ይህ ነው፦ ላሜራው እውነትም ስቴንለስ ነበር፣ ግን ለእሳት የተቀየጠ አልነበረም። ስቴንለስ የሚባለው ክሮም፣ ኒኬል፣ ሲሊኮን፣ ቲታኒየምና ሌላም በተለያየ መጠን የገባበት ብዙ ዓይነት ብረት ነው፤ ዓይነቶቹም እንደ 304፣ 310፣ 430 ባሉ ቁጥሮች ይጠራሉ። የሻይ ቤት ማጠቢያ ገንዳ ላይ ሁሉም እኩል ያብረቀርቃል፤ የሚለያየው እሳት ሲነካው ነው።

መመሪያው ከ500 እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስባቸው ክፍሎች ነው፦ የምድጃ ላሜራ፣ የበርነር አፍ፣ የጭስ ቱቦ፣ ማርሜታ። የእንፋሎት ቦይለር ግፊት የሚሸከም ክፍል ግን በዚህ አይሠራም፤ እሱ የተመሰከረለት በያጅና ምርመራ ያስፈልገዋል።

እንደ ምሳሌ አንድ ሥራ እንከተላለን፦ በናፍጣ በርነር የሚሠራ የዳቦ ምድጃ ውስጥ ነበልባሉን ፊት ለፊት የሚቀበል ላሜራ፣ 60 በ40 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተቃጠለው አሮጌ ክፍል (ለቁራሌው ከመሸጣችሁ በፊት!)
- ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ጫፉ የነካውን ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ከነማንበቢያው
- ጠንካራ ማግኔት፣ ካሊፐር
- የስቴንለስ መለያ ጠብታ ፈሳሽና 9 ቮልት ባትሪ
- ጥቁር ብረት ነክቶ የማያውቅ የግራይንደር ዲስክና የስቴንለስ ሽቦ ብሩሽ
- አሴቶንና ንጹሕ ጨርቅ
- ዲሲ የብየዳ ማሽን ወይም የአርጎን ብየዳ
- ለተመረጠው ላሜራ የሚስማማ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ (ደረጃ 6 ላይ አለ)
- የብየዳ ጭንብል፣ ጓንት፣ የጭስ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ ማራገቢያ

ደረጃ 1፦ አሮጌውን ክፍል መርምሩ

አዲስ ላሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው በምን እንደሞተ እወቁ። ለእያንዳንዱ አሟሟት የሚጨመረው ንጥረ ነገር ይለያያል፤ ይህን ዘልሎ «ወፍራም አምጣ» ማለት ያው ችግር በውድ ዋጋ መግዛት ነው።

- እኩል ሳስቶ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ከረገፈ፦ ክሮሙ ለሙቀቱ አንሷል፣ ወይም ሙቅና ቀዝቃዛ መፈራረቁ ሽፋኑን አራግፎታል።
- ሳይሳሳ ከረገበና ሆዱ ከወረደ፦ ሙቀት ውስጥ የገዛ ክብደቱን መሸከም አቅቶታል። ጉዳዩ የኒኬል፣ የካርቦንና የናይትሮጅን ነው።
- ከብየዳው ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ በመስመር ከተሰነጠቀ ወይም ከተበላ፣ በተለይ ጭሱ ቀዝቅዞ ጠል በሚያረጥብበት ቦታ፦ ካርቦኑ ክሮሙን ወስዶበታል። ቲታኒየም ወይም ኒዮቢየም ይፈልጋል።
- ድሮ ማግኔት የማይስበው ላሜራ አሁን ከሳበው፣ ሲታጠፍም ከተሰነጠቀ፦ በአብዛኛው ከጥላሸታም ነበልባል ካርቦን ጠጥቷል። በርነሩንም ጠርጥሩ።
- በአንድ ቦታ ተቦርቡሮ የቀለጠ የሚመስል ጥቁር ጉድጓድ ካለው፦ ድኝ ወይም የነዳጅ አመድ በልቶታል።
- ቀዝቃዛ ሆኖ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ከተሰበረ፦ ሲግማ የሚባለው ተሰባሪ ውሕድ ውስጡ ተፈጥሯል። 430ን በመሰለ ኒኬል አልባ ላሜራ ከሆነ ደግሞ ከ400 እስከ 550 ዲግሪ ባለው ክልል ረጅም ጊዜ ቆይቶ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ሙቀቱን ለኩ

ቴርሞካፕሉን ላሜራው ላይ አስነክታችሁ ምድጃው ሙሉ ሥራ ላይ እያለ ለኩ። የምድጃው ሰዓት 250 ዲግሪ ስላሳየ ላሜራው 250 ነው ማለት አይደለም፤ 250 ዳቦው ያለበት አየር ነው፣ ነበልባል የሚመታው ብረት ከ800 ሊያልፍ ይችላል።

እንደ ሽጉጥ የሚያዘውን የጨረር መለኪያ በሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ላይ አትመኑት። አዲስ ላሜራ ሙቀቱን በጨረር አሳንሶ ስለሚያወጣ መለኪያው እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ርካሾቹ ደግሞ 380 ወይም 550 ላይ ያቆማሉ።

ምንም መሣሪያ ከሌለ መብራት አጥፍታችሁ ቀለሙን እዩ፦ ደብዛዛ ቀይ 600 እስከ 650፣ የደመቀ ቀይ 800 አካባቢ፣ ብርቱካናማ 950 እስከ 1,000፣ ቢጫ ከ1,050 በላይ። ግምት ነው፤ ፀሐይ ባለበት ከሆነማ ግምትም አይባልም።

ያልጋለው የላሜራው ክፍል የሚተወው ቀለምም ይናገራል። በ304 ላይ ፈዛዛ ቢጫ 290 ገደማ፣ ቡናማ 390፣ ሰማያዊ 540፣ ጥቁር ሰማያዊ 600 ዲግሪ ያህል እንደደረሰ ያሳያል።

ደረጃ 3፦ ያለማቋረጥ ነው ወይስ እየበራ እየጠፋ?

ይህን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሌሊት ተለኩሶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ የዳቦ ምድጃ ከማይጠፋ ምድጃ ይልቅ ላሜራ ይጨርሳል። ስቴንለስን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ ስስ የክሮም ኦክሳይድ ነው፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከሽፋኑ የበለጠ ስለሚኮማተር ሽፋኑ ይሰነጠቅና ይረግፋል። በማግስቱ ብረቱ ሌላ ክሮም አውጥቶ ይሸፍናል። ክሮሙ እስኪያልቅ።

ደረጃ 4፦ ቅይጡን ምረጡ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። የእያንዳንዱን ጭማሪ ሥራና ጣጣ ለዩ።

*ክሮም።* ቢያንስ 10.5 በመቶ ካልገባ ስቴንለስ አይባልም። 11 በመቶ ያለው 409 ለማርሜታ ይበቃል፤ 18 በመቶው 304 እስከ 900 አካባቢ ይሄዳል፤ 25 በመቶው 310 ከ1,100 ያልፋል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግን የክሮም ኦክሳይዱ ራሱ ቀስ በቀስ ይተናል፣ ነበልባሉ በፍጥነት ሲነፍስበት ደግሞ ይብሳል።

*ኒኬል።* ብረቱ ሲግል እንዳይረግብ የሚያደርገውን የውስጥ አደረጃጀት ይይዛል፤ ካርቦን እንዳይጠጣም ይረዳል። 430 ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርፊቱን ይቋቋማል፣ ከ600 በላይ ግን ክብደት ሲጫነው ይለሰልሳል። የኒኬል ጠላት ድኝ ነው። አየር ባጠረው ጭስ ውስጥ ሁለቱ ተገናኝተው በ640 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ውሕድ ይሠራሉ፤ ያ የተቦረቦረ ጉድጓድ ከዚህ ይመጣል። ድኝ የበዛበት ከባድ ነዳጅ ካለ ኒኬል የሌለው 446 ይሻላል፣ እንዳይረግብ ከሥሩ ተደግፎ።

*ሲሊኮን።* ከክሮሙ ሽፋን ሥር ሌላ ሽፋን ያነጥፋል። 253 ኤምኤ የሚባለው ላሜራ ከ1.4 እስከ 2 በመቶ አለው፤ በዚህ ምክንያት በ21 በመቶ ክሮም ብቻ እስከ 1,100 አካባቢ ይሠራል። ሲበዛ ብየዳው ሳይቀዘቅዝ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል።

*ሴሪየም።* በ253 ኤምኤ ውስጥ ከ0.1 በመቶ ያነሰ ነው፣ ግን ሽፋኑን ከብረቱ ጋር አጥብቆ ይይዛል። እየበራ ለሚጠፋ ምድጃ ዋጋው ከሁሉም ይልቃል።

*ቲታኒየምና ኒዮቢየም።* ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ክልል ካርቦን ክሮሙን ይዞ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ይከማቻል፤ ድንበሩ ክሮም ያጣል፣ እርጥበት ሲያገኘው በዚያው ይበላል። 321 ውስጥ ያለው ቲታኒየም፣ 347 ውስጥ ያለው ኒዮቢየም ቀድሞ ካርቦኑን ይይዛል። ለጭስ ቱቦና ለማርሜታ ተጣጣፊ ክፍል ይህ ነው የሚፈለገው። የሚቃጠልበትን ሙቀት ግን ከፍ አያደርጉም፤ 321 ከ304 የበለጠ እሳት ይችላል የሚሉ አሉ፣ ገደባቸው አንድ ነው።

*ካርቦን።* ለማጠቢያ ገንዳ ጠላት፣ ለጋለ መደርደሪያ ወዳጅ። 304ኤች ከ0.04 እስከ 0.10 በመቶ ይዟል፤ 304ኤል ቢበዛ 0.03። ክብደት ለሚሸከም ትኩስ ክፍል ኤል አትግዙ፤ ቶሎ ይረግባል።

*ናይትሮጅን።* እንደ ካርቦን ያጠነክራል። 253 ኤምኤ ሳይረግብ የሚቆየው በከፊል በእሱ ነው።

*ሞሊብዲነም።* «316 ከ304 ይሻላል» የሚባለው ለጨውና ለአሲድ እውነት ነው። ለእሳት ግን ጭማሪ ሙቀት አይገዛላችሁም። ኦክሳይዱ በ795 ዲግሪ ስለሚቀልጥ አየር በማይዘዋወርበት፣ አመድ በተከመረበት ቦታ ሽፋኑን ይበላዋል። ለምድጃ ላሜራ 316 መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ላሜራውንም ጭምር።

*ማንጋኒዝ።* 201 ውስጥ ለኒኬል ምትክ የሚገባ ነው፣ ከ5.5 እስከ 7.5 በመቶ። ላሜራውን ያረክሳል፣ ለእሳት ግን ደካማ ሽፋን ይሠራል።

*አሉሚኒየም።* ካንታል በሚባለው የማሞቂያ ሽቦ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ አለ፤ ከ1,300 በላይ የሚያስችለው እሱ ነው። ጣጣው፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ቀዝቅዞ ሲታጠፍ መሰበሩ። የምድጃ ሽቦ የጠገነ ያውቀዋል።

በንጹሕ አየር ውስጥ የተለመደው ገደብ፣ መጀመሪያ ያለማቋረጥ ለሚሠራ፣ ቀጥሎ እየበራ ለሚጠፋ፦

- 409፦ 675 / 815
- 430፦ 815 / 870
- 304፣ 316፣ 321፦ 925 / 870
- 309፦ 1,095 / 980
- 310፦ 1,150 / 1,035
- 446፦ 1,095 / 1,175

ኒኬል የሌላቸው ሲበሩ ሲጠፉ ገደባቸው ከፍ ይላል፤ ከሽፋናቸው ጋር ተቀራራቢ መጠን ስለሚሰፉ ነው። ኒኬል ያላቸው ብዙ ስለሚሰፉ ዝቅ ይላሉ። ለነዳጅ ጭስ ከተጻፈው ላይ 100 ዲግሪ ቀንሱ፤ ጭስ ንጹሕ አየር አይደለም።

ወደ ምሳሌያችን። ላሜራው ሲለካ 880 ዲግሪ፣ በየቀኑ የሚጠፋ፣ ናፍጣ። 304 ገደቡ 870 ነው፤ ሳንቀንስለት አልፎታል። 309 ሲቀነስ 880 ይሆናል፤ አፋፍ ላይ ነው። 310 ሲቀነስ 935፤ ይበቃል። 253 ኤምኤ ከተገኘ ለመብራት ለመጥፋቱ እሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ 310 ግዙ።

ደረጃ 5፦ የተሸጠላችሁን አረጋግጡ

ማግኔት አስጠጉ። አጥብቆ ከሳበ የ400 ቤተሰብ (409፣ 430፣ 446) ነው። ካልሳበ ግን «304 ነው» አትበሉ፤ 201ም፣ 310ም አይስቡም። 304 የታጠፈበት ጥግ ላይ ትንሽ ቢስብ አትደንግጡ፣ መታጠፉ ያመጣው ነው።

ከዚያ ላሜራውን በአሴቶን አጽድታችሁ አንድ ጠብታ ፈሳሽ አድርጉና ባትሪውን በፈሳሹ መመሪያ መሠረት ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። ቀይ ከሆነ ማንጋኒዙ ብዙ ነው፤ 201 ነውና መልሱት። ይህ ምርመራ 304ን ከ310 አይለይም። ለዚያ የፋብሪካ ሰርተፊኬት ጠይቁና እዚያ ላይ ያለው የቅልጥ ቁጥር (ብረቱ በአንድ ጊዜ የቀለጠበትን ዙር የሚለይ) ላሜራው ላይ ከታተመው ጋር መግጠሙን እዩ። በኤክስሬይ የሚመረምር መሣሪያ ያለው ቦታ ካገኛችሁ ክሮምና ኒኬሉን በደቂቃ ይነግራችኋል፤ ካርቦንን ግን አያይም፣ ስለዚህ ኤልና ኤችን አይለይም።

ደረጃ 6፦ ቁረጡ፣ አጽዱ፣ በይዱ

1. ጥቁር ብረት በነካ ዲስክ አትቁረጡ። የገባው ብናኝ ይዝጋል።
2. ከሚበየደው ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ድረስ ዘይት፣ ቀለምና የማርከር ጽሑፍ በአሴቶን አስወግዱ። ዘይት ካርቦን ነው፤ አንዳንድ ቀለም ውስጥ ያለ ዚንክ ወይም እርሳስ ደግሞ የጋለ ስቴንለስን ይሰነጥቃል። አሴቶኑ ደርቆ ሳያልቅ አርክ አትጀምሩ።
3. ኤሌክትሮድ ምረጡ፦ ለ310 ኢ310-16፤ ለ309 ኢ309-16፤ ለ321 የ347ቱን፣ ምክንያቱም ቲታኒየም አርክ ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ለ304 ኢ308ኤች-16። ስቴንለስን ከጥቁር ብረት ለማያያዝ ኢ309ኤል-16፣ መጋጠሚያውን ግን ከነበልባሉ አርቁት። ሁለቱ እኩል አይሰፉምና እሳት ውስጥ ከሆነ ይላቀቃል።
4. ለ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 80 አምፔር፣ ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቭ ላይ። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፤ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሙቀት አድርቁት።
5. ቀጥ ያለ ጠባብ መስመር በይዱ፣ ግራ ቀኝ አታወዛውዙ። ቀጣዩን መስመር ከመጀመራችሁ በፊት ከ150 ዲግሪ በታች ይውረድ። 310 ሲቀዘቅዝ ለስንጥቅ ቅርብ ነው፤ ሙቀት ማብዛት ያባብሰዋል።
6. መስመሩን ስትጨርሱ ኤሌክትሮዱን በድንገት አታንሱ። ትንሽ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጉድጓዱን ሙሉት። የ310 ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያች ኮከብ የምትመስል ጫፍ ላይ ነው።
7. ብየዳው እስከ ጀርባ ይድረስ። ላዩ ብቻ ከተያዘ ከሥር የቀረው ክፍተት በእያንዳንዱ ማሞቅና ማቀዝቀዝ እየተከፈተ ይሄዳል። በአርጎን ከሆነ ጀርባውም አርጎን ያግኝ፤ አለዚያ እንደ አረረ ስኳር የቆረፈደ ጥቁር ነገር ይወጣል።
8. የኤሌክትሮዱን ቅርፊት በሙሉ አራግፉ። ውስጡ ያለው ፍሎራይድ ሲግል ይቀልጥና መከላከያ ሽፋኑን ይበላል። ቤት በር ላይ ቢቀር መልክ ብቻ ያበላሻል፤ ምድጃ ውስጥ ቢቀር ላሜራ ይበሳል።

ደረጃ 7፦ ለመስፋት ቦታ ተዉለት

60 ሴንቲሜትር ኒኬል ያለው ስቴንለስ ከክፍል ሙቀት ወደ 800 ሲሄድ 9 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። 430 ቢሆን 5 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው። አራቱን ጥግ አጥብቃችሁ ካሰራችሁት የሚሄድበት ስለሌለ ይንጋደዳል ወይም ብየዳውን ይቀዳል።

አንዱን ጎን ብቻ አጽኑ። በሌላው ጎን ላሜራው ላይ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ለ8 ሚሊሜትር ብሎን 10 ሚሊሜትር ስፋትና ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቀዳዳ አውጡ፤ ብሎኑ ሲቀዘቅዝ በውጨኛው፣ ማለትም ከጸናው ጎን በራቀው ጫፍ ይሁን እንጂ መሃል አይደለም። ዳዶውን አጥብቃችሁ ግማሽ ዙር መልሱ። እሳት ውስጥ ያለ የብሎን ጥርስ ተጣብቆ አይፈታምና ከተቻለ በመንጠቆ ወይም በመወርወሪያ ዘንግ አንጠልጥሉት።

ደረጃ 8፦ በርነሩን አስተካክሉ

አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ ስድስተኛ የሳሳ ነው። ከውጭ ተስተካክሎ የመጣ በርነር እዚህ ያው የናፍጣ መጠን ሲረጭ ኦክስጅን ያጥረዋል። ነበልባሉ ጥቁር ጫፍ ያወጣል፣ ላሜራው ካርቦን ይጠጣል፣ ድኙም ኒኬሉን ለመብላት ይመቸዋል። የአየር መክፈቻውን ጨምሩ፤ ካልበቃ አነስተኛ የሚረጭ ኖዝል አስገቡ። ጭሱ ጥቁር እስካለ ድረስ የትኛውም ቅይጥ አያድናችሁም።

ማስጠንቀቂያ

- ዚንክ የተለበጠ ብሎን፣ ቱቦ ወይም ላሜራ ከጋለ ስቴንለስ ጋር አታገናኙ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ወደ ቅንጣቶቹ ድንበር ይገባና ብረቱን ይሰነጥቃል። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ያሳምማል።
- የስቴንለስ ብየዳ ጭስ ካንሰር አምጪ የሆነ የክሮም ዓይነት አለው። በር ከፍቶ መቀመጥ አይበቃም፤ ጭሱን ከፊታችሁ የሚስብ ማራገቢያና ማስክ ተጠቀሙ።
- ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ አጽድታችሁ አትበይዱ። አርኩ መርዛማ ጋዝ ይሠራበታል።
- በ600 እና በ900 መሃል ረጅም ጊዜ የሠራ 310 ሲግል ጤነኛ ይመስላል፣ ቀዝቅዞ ግን ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ ለማቅናት አትሞክሩ፤ ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ማግኔት ስላልሳበ ጥሩ ነው» ብሎ 201 መግዛት አንደኛው ነው። ሁለተኛው 310 ላሜራ ገዝቶ በ308 ኤሌክትሮድ መበየድ፤ ላሜራው ይቀራል፣ ብየዳው መስመር በመስመር ይቃጠላል። ሦስተኛው ውፍረት መጨመር ነው፦ 6 ሚሊሜትር 304 ቅርፊት ማራገፉን አያቆምም፣ ዘግይቶ ይጨርሳል እንጂ፤ ፊትና ጀርባው እኩል ስለማይሞቅም የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል።

ደረጃ 9፦ ከተገጠመ በኋላ

የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብላችሁ አሙቁት፣ ውሃ አትርጩበት። ከመግጠማችሁ በፊት በአምስት ነጥብ ውፍረቱን በካሊፐር ለክታችሁ ከምድጃው ጎን ጻፉ። በወሩ አቀዝቅዛችሁ፣ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ በእነዚያው ነጥቦች ድገሙ። መልኩ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ቅርፊት ካልረገፈ ሽፋኑ ይዟል፤ እሱን አትፈግፍጉት። በአንድ ነጥብ ብቻ ከሳሳ ነበልባሉ አንድ ቦታ ይመታል ማለት ነው፤ ኖዝሉን አጽዱ ወይም አቅጣጫውን አስተካክሉ። 3 ሚሊሜትሩ 2 ሲደርስ ምትኩን እዘዙ፤ 310 በፈለጉት ቀን የሚገኝ ላሜራ አይደለም።